የኃይለ ኢየሱስ ኔትወርክ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ፍሬ ገብስ አልተጨመረበትም፣ አንዲት ፍሬም አልተቀነሰበትም። ሐሰት ከተገኘበት ያወራው ምላስ እንደ ክረምት ኩበት ይጭስ እንጂ አይንደድ። ሚካኤል ምስክር ነው። ሚካኤል ብቻውን ለማይበቃው ደግሞ ገብርኤል ይጨመርለት።

ነሐሴ ስምንት ቀን፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጓሳ ላይ የወረደው ጉም እንደ ሌላ ጊዜ ጉም አልነበረም። መንዝ መቼም የጉም አገር ነው፣ ጉም ብርቁ አይደለም። የዚያን ቀኑ ግን ሰው ከዘራውን ጉሙ ላይ ተክሎ እጁን ቢለቅ ከዘራው አይወድቅም ነበር። በጎች ሣሩን ትተው ጉሙን ይግጡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ወፍረውበታል። ያዩት ሽማግሌዎች «እንዲህ ያለውን ከአያቶቻችንም አልሰማንም» ብለዋል። ያዩት ማለትም ስሕተት ነው፤ ያን ቀን ማንም ምንም አላየም።

በዚያ ጉም ውስጥ ሸዋንዳኝ በበቅሎ ይሄድ ነበር።

ሸዋንዳኝ ማነው ለሚል፣ መሀል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ፣ ስልክና ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ዕድሜው አምሳን አንኳኩቶ ገና መግባቱ ነው። ከራቤል እስከ ሞላሌ ያለ ሬዲዮ እሱን ሳያስፈቅድ ዜና አንብቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከጭነት መኪና ወድቆ ዘጠኝ ቦታ የተሰበረ ቴፕ አምጥተውለት፣ በሻማ ሰምና በበግ ጅማት ጠግኖ ቢሰጣቸው፣ ቴፑ ካሴት ሳይገባበት ሦስት ቀን ዘፈነ። ይህም እውነት ነው።

የሚሄደው ወደ ሟቹ ጓደኛው ወደ ኃይለ ኢየሱስ ቤት ነበር። ኃይለ ኢየሱስ በሕይወቱ የጓሳ ጠባቂ ነበር። የጓሳ ሣር የሁሉ ነውና የማንም አይደለም፤ በተከለከለበት ዘመን ማጭድ ይዞ የሚገባውን የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። ሃያ ዓመት ያንን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ ልክ እንደዚህ ባለ ጉም፣ የጠፋች በግ ሲፈልግ ገደል ገባ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ ተገኝቶ በወግ ተቀበረ። በኪሱ የነበረው ስልክ ግን አልተገኘም፤ ገደሉ ዋጠው።

ያ ሰው ከመሞቱ በፊት፣ አንድ ቀን ከሸዋንዳኝ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ ድንገት ብቀር ልጄን አደራ፤ እሷ መማር አለባት» ብሎ ነበር። ልጁ እስከዳር ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ለነርስነት ትምህርት የሚያስገባውን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቱንም ጊዜ ለጥቂት ወድቃለች። ደንቡ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ሦስተኛውና የመጨረሻው ደግሞ በዚያው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ነበር የሚሰጠው፤ አንዲት ደቂቃ ያረፈደ ሰው ገጹ ተዘግቶበት ሕልሙን ይዞ ይቀራል። ሸዋንዳኝ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ማንም ሳይጠራው በቅሎውን ጭኖ ወጣ። አደራ ነዋ፤ አደራ የበላ ሰው በመንዝ ጥርሱ ሳይረግፍ አይሞትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ቤቱ ከገደሉ አፋፍ ትንሽ ራቅ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር የሆነ ቤት ነው።

«ቤቶች።»

«ይግቡ ጋሼ። መንገዱን እንዴት አገኙት?»

«በቅሎዋ ናት ያገኘችው። እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ብገልጠውም ያው ነበር።»

እስከዳር የበግ ጠጉር ዝተት ደርባ፣ እስከ አገጯ ተጠቅልላ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ ሞላሌ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ ከደጅ ደግሞ በረት ውስጥ ያሉት በጎች ሲያመነዥኩ ይሰማል።

«ዋይፋዩን አልይዝ አለኝ ጋሼ። ከጠዋት ጀምሮ።»

«አጥፍተሽ አበራሽው?»

«አራት ጊዜ።»

«እኔ ሳጠፋው ይለያል» አለና አጠፋው። አበራው። አልተለየም።

ሸዋንዳኝ እጅጌውን ሰበሰበ። መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን አየ፤ ቀኑን የሳተ ላፕቶፕ ከዓለም ጋር አይግባባምና። ልክ ነው። ቀጥሎ ዋይፋዩን የሚያጠፋው ቁልፍ በስሕተት ተነክቶ እንደሆነ አየ። አልተነካም። ቀጥሎ ላፕቶፑን ገልብጦ ሆዱን በእጁ ዳሰሰ፣ እንደ ሐኪምም ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን ይላል?» አለች እስከዳር።

«ብርዱን ይራገማል።»

«እሱማ ሁላችንም።»

በመጨረሻ በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች ስም የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተ። የቤቱ ዋይፋይ ስም «ጌታነሽ» ነው፤ እሱ ራሱ ሲገጥም ነው የሰየመው። በዝርዝሩ ውስጥ ጌታነሽ የሚል የለም። ከአንድ ስም በቀር ምንም የለም። ያም «ኃይለ ኢየሱስ» ይላል።

ሸዋንዳኝ መነጽሩን አወለቀ፣ በበርኖሱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ስሙ አልተጠረገም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ስልክ ነው። ስንት ጊዜ ከሱ ስልክ ኢንተርኔት እያካፈለኝ አይደል ያጠናሁት። ስሙንም በገዛ እጁ ነው የጻፈው፤ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።»

«ስልኩ ገደል አይደለም እንዴ?»

«ገደል ነው።»

«ባትሪው...»

«ዓመት ከሁለት ወር ሆነው ጋሼ።»

የሸዋንዳኝ ፀጉር ተነስቶ ቆመ። በጣም ከመቆሙ የተነሳ ቆቡ ከራሱ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። ፈርቶ ግን አልነበረም፤ የሸዋንዳኝ ፀጉር ሥራ ሲበዛበት ይቆማል። «ላፕቶፕ ትዝታ አለው» አለ፣ «የድሮ ስም አይረሳም።»

«የሌለውን ኔትወርክ ዝርዝሩ ላይ አያወጣም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አዎ፣ እሱ ነበር ያስተማራት። ሰው አንዳንዴ ያስተማረው ያስቆጨዋል።

ከስሙ አጠገብ ያለው ምልክት፣ ያ እንደ ቀስተ ደመና ቅስት በቅስት የሚደራረበው፣ ከታች ነጥቡ ብቻ ነበር የበራው። ሩቅ ነው ማለት ነው። ሸዋንዳኝ ዓይኑን ከነጥቧ ነቅሎ፣ «ለመሆኑ ራውተሩ የት ነው ያለው?» አለ።

ጓዳ ነበር። ጓዳ ሲገባ ግን በመደርደሪያው ላይ ራውተር የለም፤ አፉን ወደታች የተደፋ ትልቅ ጥቁር የብረት ድስት አለ። በላዩም ወፍጮ የሚያህል ድንጋይ ተጭኖበታል።

«እስኩ፣ ዋይፋዩን ማነው የቀበረው?»

«እናቴ ናት። ነጎድጓድ ሲሆን ቀይ ልብስ እንደሚሸሸገው፣ የሱም መብራት ቀይ ስለሆነ መብረቅ ይጠራል ብላ ደፋችበት። እኔ እንዳላነሳው ደግሞ በእመብርሃን አስምላኝ ነው የሄደችው።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ አራት ጊዜ ያጠፋሽው ያበራሽው ለምንድን ነው?»

«መሐላ ነው እኮ ጋሼ። ምን ላድርግ? በብረት ውስጥ ያልፍ እንደሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ።»

«እኔን አላስማለችኝም» አለ ሸዋንዳኝ። ድንጋዩን አነሳ። አራት ጎልማሳ የማያነሳው ድንጋይ ነበር፤ በአንድ እጁ አነሳው። ድስቱን ገለበጠ። የራውተሩ ቀይ መብራት ጨለማው ውስጥ ሁለቴ ጠቀሰችውና አረንጓዴ ሆነች።

«ጌታነሽ መጣ» አለች እስከዳር ከውጭኛው ክፍል። «ያዘ። ጋሼ፣ ያዘ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ሸዋንዳኝ በቅሎውን ጭኖ ተመልሶ ነበር፤ ይህም ታሪክ አይጻፍም ነበር። ግን ሸዋንዳኝ ከጓዳ ወጥቶ ሳይቀመጥ ላፕቶፑ ጌታነሽን ለቀቀ። ማንም አልነካውም። በራሱ ሄዶ ኃይለ ኢየሱስን ያዘ፤ ከሥሩም «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ጻፈ። ምልክቱም አሁን ነጥብ ብቻ አልነበረም። በነጥቡ ላይ አንድ ቅስት በርቷል።

ሸዋንዳኝ ወደ ጌታነሽ መለሰው። ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ወደ ኃይለ ኢየሱስ ሄደ። መለሰው። ሄደ። ስሙን ከላፕቶፑ ማህደር ውስጥ ፈልጎ ጨርሶ አጠፋው። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ከዚያ ስሙ፣ ፊደል በፊደል፣ እጁ ያልለመደ ሰው እንደሚጽፈው፣ ቀስ እያለ ተመልሶ መጣ።

«አያጥፉት ጋሼ» አለች እስከዳር ዝግ ብላ።

ሁለት ቅስት።

«ላፕቶፑን አንቀሳቅሰሽዋል?»

«ኧረ እኔ እጄም አልነካውም።»

«እኔም አልነካሁትም። ቤቱም አልተነቃነቀም።» ከዚያ በኋላ ያለውን ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። ላፕቶፑ ካልሄደ፣ ቤቱ ካልሄደ፣ የሚመጣው ያ ሌላው ነው። ነጥቧ ስትበራ ከገደሉ ሥር ነበር። አንዱ ቅስት ሲበራ ወንዙን ተሻግሯል። ሁለተኛው ሲበራ የገብሱ እርከን ላይ ደርሷል። ሸዋንዳኝ መንገዱን ያውቀዋል፤ ከሟቹ ጋር ስንት ጊዜ ወጥተውታል። ሰው ሲያዘግም የሚፈጀውን ያህል ነው የፈጀው፤ ያውም ዳገቱ ላይ ቆም እያለ የሚያርፍ ሰው።

ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆነ። የፈተናው ገጽ ግማሹ ተከፍቶ እየተንጠለጠለ ቆመ።

በዚያ ሰዓት በረት ውስጥ ያሉት በጎች ማመንዠካቸውን አቆሙ። አንድ በአንድ አይደለም፤ ሁሉም እኩል። መቶ ሃምሳ በግ እኩል ዝም ሲል ዝምታው ጆሮ ያማል። በዚያ ዝምታ መሀል፣ ከደጅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ደረቅ ሳል ተሳለ። ሸዋንዳኝ ያንን ሳል ከሺህ ሳል መሀል ለይቶ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት አጠገቡ ተቀምጦ ጠላ ጠጥቷል።

እስከዳር አልደነገጠችም። ይህ ነው ሸዋንዳኝን ከሳሉ ይልቅ ያስጨነቀው። ዝተቷን አስተካከለችና፣ እንግዳ እንደመጣ ሁሉ፣ «በሩን ልክፈትለት ጋሼ?» አለች።

«ፈተናሽስ?»

«አባቴ ነው እኮ።»

«እኔንም እዚህ ያደረሰኝ የአባትሽ አደራ ነው። ከተከፈተለት ዛሬ አትፈተኝም። ዛሬ ካልተፈተንሽ ደግሞ መቼም አትፈተኝም። የትኛውን ነው የሚወደው?»

የልጅቷ ዓይን ከላፕቶፑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ላፕቶፑ ተመላለሰ። ሦስተኛው ቅስት ሊበራ ይንፈራፈር ነበር፤ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። የበሩ መወርወሪያ ጠቅ አለ።

ሸዋንዳኝ ያን ጊዜ ያለ የሌለ ሙያውን አሰበ። ስሙን አጥፍቷል፤ ተመልሷል። ብረቱን አንስቷል። ራውተሩን ማስጠጋት ይቻላል፣ ግን ደጃፉ ላይ ከቆመ ሰው ምን ያህል ያስጠጉታል? መጻሕፍቱ ውስጥ መፍትሔው የለም። ከዚያ ሟቹን አሰበ። ኃይለ ኢየሱስ የሣር ሌባ ሲያገኝ ጠመንጃ አያነሳም ነበር፣ አይሮጥም ነበር። ካለበት ሆኖ ሁለት ቃል ብቻ ይናገራል፤ ሌባው ሸክሙን እንደተሸከመ፣ አንድ እግሩን እንዳነሳ፣ ደርቆ ይቆማል። ልቀቅህ እስኪባል ድረስም አይንቀሳቀስም። እንኳን ሌላውን፣ ራሱ ኃይለ ኢየሱስ አንዴ በገዛ ሚስቱ እንዲህ ተብሎ፣ ዝናብ ሲቀጠቅጠው ደጅ ቆሞ አምሽቷል።

ሸዋንዳኝ ተነሳ። በሩን እንደ አንበሳ በረገደው። ጉሙ እንደ ዱቄት ቤት ውስጥ ፈሰሰ፤ በቅሎዋ ደጅ ታስራ ሳለ ገመዷን በጥሳ ከጀርባው ተደበቀች።

«በሕግ አምላክ» አለ። ድምፁ ቀጭን ወጣ፤ ጉሙ አቅጥኖት ነው። «በሕግ አምላክ ኃይሌ። ካለህበት እንዳትነቃነቅ።»

ከጉሙ ውስጥ፣ ከአሥር ክንድ በማይበልጥ ቦታ፣ ጉሙ ከሌላው ጉም ጠቆር ያለ ነበር።

«ልጅቱ ልትፈተን ነው» አለ ሸዋንዳኝ። «ሦስተኛዋ ነው፣ ታውቃለህ። ያንተ ኔትወርክ የቤቱን ይነጥቃታል፣ አንተ ጋ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ላፕቶፕ ሞኝ ነው፤ የቀረበውን ይከተላል እንጂ የሚጠቅመውን አያውቅም። እስቲ አንድ እርምጃ ወደኋላ በልልኝ።»

ጠጠር ተንኮሻኮሸ።

«ሁለት ሆነ ጋሼ» አለች እስከዳር ከውስጥ። ቆይታም፣ «ቆሟል። ጌታነሽ ያዘ። አልለቀቀም» አለች። ከዚያ የፊደሎቹ ጠቅ ጠቅ ብቻ ተሰማ።

ለስምንት አምስት ጉዳይ ነበር።

በሕግ አምላክ ብሎ ሰው ያስቆመ፣ ራሱም ጥሎ አይሄድም። ስለዚህ ሸዋንዳኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደጃፉ ላይ ቆመ። ብርዱ አጥንት ሰንጥቆ መቅኔውን የሚያንቀጠቅጥ ነበር፤ ጢሙ ላይ የተንጠለጠለው በረዶ ሲሰበር እንደ ብርጭቆ ይጮህ ነበር። ዝም ብሎ መቆም ስለከበደው ወሬ ጀመረ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የዘንድሮው ገብስ ዋግ እንዳልነካው፣ አፈወርቅ የሚባለው አዲሱ ጠባቂ ሰው ሲያይ እሱ ራሱ እንደሚደበቅ ነገረው። በዚህኛው ላይ ከጉሙ ውስጥ እንደ ሳቅ ያለ ትንፋሽ የሰማ መሰለው። ሙያው ሆኖበት ደግሞ፣ «እኔ የምለው፣ ያንን ስልክ በምን አስነሳኸው? ውኃ የገባበትን እኔ ያቃተኝ ስንት አለ» ብሎ ጠየቀ። ጠቆር ያለው ጉም አንድም ጊዜ አልተነቃነቀም። ሰው በቆመበት እንዲህ ጸጥ አይልም፤ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውራል። ሸዋንዳኝ ይህን ባሰበ ጊዜ ወሬው አፉ ውስጥ ደረቀ፤ የቀረውን ሰዓት «አባታችን ሆይ» እያለ ፈጀው። ስንት ጊዜ እንዳደረሰው ቆጥሯል፤ አራት መቶ ነው።

«ጨረስኩ ጋሼ» አለች እስከዳር። «ላክሁት። ደረሰኝ ብሏል።»

ሸዋንዳኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኃይሌ፣ ለቅቄሃለሁ። አደራህን ተቀብያለሁ። በሰላም ተመለስ።»

ጠቆር ያለው ጉም እንደ ሌላው ጉም ሆነ። በጎቹ ማመንዠክ ጀመሩ። ሸዋንዳኝ ዞር ብሎ ላፕቶፑን አየ፤ ከስሙ አጠገብ ሁለት ቅስት፣ ቆይቶ አንድ፣ ብዙ ቆይቶ ነጥቧ። ነጥቧም ጠፋች። ዝርዝሩ ውስጥ ጌታነሽ ብቻ ቀረ።

እስከዳር ላፕቶፑን ከደነችና እጇን በላዩ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች። ሸዋንዳኝ የልጅቱን መሐላ ለማስከበር ድስቱን መልሶ ደፋበት፣ ድንጋዩንም ጫነበት፣ በቅሎውን ጭኖ ወጣ። እስከ መሀል ሜዳ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደኋላ አላየም። ንቀት ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።

መስከረም ላይ ውጤቱ መጣ። እስከዳር አልፋለች፤ ያውም ከሁሉም በላይ በሆነ ነጥብ። በዚያው ሰሞን በሚካኤል ማኅበር ወይዘሮ ጌታነሽ ደግሳ መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሸዋንዳኝም ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ታሪኩን ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ነግሯል። በሰባተኛው፣ ጎረቤቱ አስፋው ጠላውን ጨልጦ አፉን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ሙት በቃል ያቆመ ሰው፣ ለምን የኔን አማት አያስቆምልኝም?» ብሎ ሰዉን አሳቀ።

«አማትህ በሕይወት ናት፤ በሕይወት ያለ ሰው ለሕግ አስቸጋሪ ነው» አለ ሸዋንዳኝ። «ሳቁ። ግን ያቺ ልጅ ያን ቀን እኔ ባልደርስላት ኖሮ ዛሬ ምን ላይ ነበረች? እኔ ደጅ፣ እሷ ውስጥ፣ ኃይሌ ጉሙ ውስጥ። ሦስታችን ነን የተፈተንነው።»

እስከዳር እንስራውን ይዛ ጠላ እየቀዳች ትዞር ነበር። ሸዋንዳኝ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ዋንጫውን ሞላችለት፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከዋንጫው ሳታነሳ ተናገረች።

«ጋሼ ሸዋንዳኝ፣ እኔ እኮ ያን ቀን እዚህ አልነበርኩም። ጉሙን ፈርቼ በዋዜማው ደብረ ብርሃን ወርጄ፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነው የተፈተንኩት። ላፕቶፑም ከእኔ ጋር ነበር። ቤቱ ተቆልፎ ነው የዋለው።»